ለሴት ልጅ የተባለ ሰባት እልልታ

አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ስሟ ውብርስት ይባላል። የምትሠራው ከአንዲት የገበያ ከተማ ዳር በተሠራች ጤና ጣቢያ ነው። እግረ ርጥብ ናት ይሏታል። ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ያቺ ቀጭኗ አለች ወይ?» ብላ ነው። የለችም ከተባለች፣ ምጥ ቀጠሮው የሚለወጥ ይመስል፣ «እንግዲያው ነገ ልምጣ?» የምትልም አትጠፋም።

ውብርስት ግን አንድ አመል ነበረባት። በእጇ የተወለደ ልጅ መንገድ ላይ ሲሮጥ ብታገኘው አታስታውሰውም፤ የሳተችውን ግን አትረሳም። የአንዷን እናት ስም በሌላዋ ጠርታ እንደሆነ፣ ለአስታማሚ ቆጣ ብላ መልሳ እንደሆነ፣ ጥጥ ከእጇ ወድቆ እንደሆነ፣ ያ ነገር ተከትሏት ቤቷ ይገባል። ማዕድ ላይ አብሯት ይቀርባል። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትላለች፤ ጉርሻዋ ግን በእጇ እንደተያዘ ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ ጥንቁቅ ናት እያለ ያመሰግናታል። ለእሷም ጥንቃቄ ይመስላት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሥራው ከወትሮው በረታ። በዚያ አካባቢ የገጠር ሰው ነፍሰ ጡሩን የሚያመጣው መኪና በሚገኝበት ቀን ነውና፣ የገበያ ቀን የምጥ ቀንም ነው። ከሽንኩርት ጆንያና ከዶሮ ቅርጫት መሀል ወገቧን የያዘች ሴት ትወርዳለች። በዚያ ላይ ከአዋላጆቹ አንዷ ታማ ቀርታለች፤ ሌላዋ ስልጠና ሄዳለች። ስልጠና ደግሞ አመሉ ነው፤ የሚውለው ሁልጊዜ ሰው በሚያስፈልግበት ቀን ነው። የቀሩት ውብርስትና የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አመለወርቅ ብቻ ነበሩ። አመለወርቅም ከድንገተኛ ክፍል ሲጠሯት ወደዚያ፣ ከማዋለጃ ክፍል ሲጠሯት ወደዚህ እያለች እግሯ መሬት አልያዘም።

«ብቻሽን ትችያቸዋለሽ?» አለቻት በር ላይ ቆማ።

«እችላለሁ፤ አንቺ ሂጂ።»

የዚያች ከተማ ልማድ እንዲህ ነው። የወላድ ቤተሰብ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ይጠብቃል። ሕፃኑ ሲወለድ አዋላጇ በሩን ገርበብ አድርጋ አንዲት ቃል ትናገራለች። ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ። እልልታው ከበረንዳው አልፎ ገበያው ውስጥ ይገባል። ቲማቲም ሻጯ እጇን ከሚዛኑ ላይ ሳታነሳ ትቆጥርና «የእነ እከሌ ወንድ ተወለደ» ትላለች። ስለዚህ አዋላጇ በዚያች በር ላይ የምትናገረው ቃል፣ ቃል ብቻ አይደለም፤ አዋጅ ነው።

በዚያን ቀን ሁለት ሴቶች እኩል አማጡ። አንደኛዋ ደብሪቱ የምትባል፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ምጥ ሲመጣባት የአንሶላውን ጫፍ ነክሳ ዝም የምትል ልጅ እግር ናት። ሌላይቱ ግን ጣሪያውን በጩኸት ታነሳው ነበር። ሁለቱም ጥቂት ተቀዳድመው ወለዱ። ውብርስት አንዱን ሕፃን አድርቃ፣ ጠቅልላ፣ ሳታርፍ ሁለተኛውን ተቀበለች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ በረንዳ ላይ ያለው ሰው በሩን እየቆረቆረ «ኧረ ምን ተወለደ? ኧረ አንድ ቃል!» ሲላት፣ ገርበብ አድርጋ፣

«የእነ እማማ የሻረግ! ወንድ ነው!» አለች።

እማማ የሻረግ የደብሪቱ አማት ናቸው። የአጥሚት ፔርሙዛቸውን ለጎረቤታቸው አሲዘው ብድግ አሉና ሰባቱን አቀለጡት። የደብሪቱ ባል እልልታው ሳያልቅ ለጓደኞቹ ሊያበስር ወደ ገበያው በረረ። ውብርስትም ለሌላኛው ቤተሰብ «የእናንተ ሴት ናት» ብላ በሩን ዘጋች። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ።

ከዚያ ሕፃናቱን ለእናቶቻቸው ልታስታቅፍ ስትል አየች። የደብሪቱ ልጅ ሴት ናት። ወንዱ የጯሂዋ ነው።

ልጆቹ አልተለዋወጡም። እያንዳንዳቸው እናታቸው አጠገብ ናቸው። የተለዋወጠው እልልታው ብቻ ነው። ውብርስት ግን በሩን ከፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ይቅርታ... አቀያይሬ ነው የተናገርኩት» አለች።

ከዚያ የወንዱ ልጅ አክስት ቀበል አደረጉና፣ «ታዲያ እኛ ሦስት ብቻ ብለናል፤ የጎደለንን አራት እንሙላዋ!» ብለው እዚያው አራቱን ጨመሩ። እማማ የሻረግ ደግሞ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

«እሺ፣ የእኔስ ትርፍ? ጉሮሮዬ ተሰንጥቋል እኮ! አራቱን መልሺልኝ! ልጄም ገበያውን ሁሉ ወንድ ብሎ አዳርሶታል፤ አሁን እየዞረ ሊያስተባብል ነው!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁ ትን ብሎት ውሃ ተፈለገለት። ውብርስት ብቻ አልሳቀችም። እሷ የሰማችው «መልሺልኝ» የሚለውን ነው። ጆሮዋ ጋለ፤ ፊቷን አዙራ ገባች።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልቆመም። «ባልየው አሁን በሰው ፊት ምን ይላል? ልጅቱስ ስታድግ፣ ወንድ ተብለሽ ሴት የሆንሽ እያሉ አይስቁባትም? ዛሬ በቃል የሳተ ነገ በመርፌ ቢስትስ?» ትላለች በልቧ። ሐሳቡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት የረሳችው ነገር ትዝ አላት። ካቻምና አንዲት እናት የተቆጣቻት ትዝ አላት። ወደ ደብሪቱ አልጋ ሄደች፤ የሕፃኗን መጠቅለያ ፈትታ ሴት መሆኗን አየች። ጠቀለለቻት። ወደ ወንዱ ሄደች፤ ፈትታ አየችው። ጠቀለለችው። እንዳይምታቱ እጃቸው ላይ የጨርቅ ቅዳጅ አሰረች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወደ ሴቷ ተመለሰች፤ ደግማ ፈታቻት። ሴት ናት። እንደገና ስትገልጣት ሕፃኗ ብርድ ሆነባትና ተንጨረጨረች። ውብርስት ሕፃኗን የምታይ ይመስላት ነበር። የምታየው ግን ስህተቷን ነበር።

ያ አልበቃ ብሏት ወደ በረንዳው ወጣች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሆን ብዬ አይደለም።»

«ኧረ የኔ ልጅ! ቀልዴን እኮ ነው። በዚህ አገር ሰባት እልልታ የተባለላት ሴት ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኔ የልጅ ልጅ ብቻ ናት! ገና ዛሬ ነው ለሴት ልጅ በደንብ እልል የተባለው!»

«አልተቀየሙኝም?»

«አልተቀየምኩም።»

ውብርስት ገባች። ሁለት አልጋ ሳታልፍ «አፋቸው ነው እንጂ ልባቸውማ ተቀይሟል» አለችና ተመልሳ ወጣች።

«እማማ፣ በልብዎም ካለ...»

«በልቤም የለም! አንጀቴ ውስጥ ገብተሽ ታያለሽ?» አሉ እማማ የሻረግ ለጎረቤታቸው ጠቀስ አድርገው። «ይልቅ ልጄ እንዴት ናት? አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ ታስገቢልኝ?»

«ደህና ናት፤ ደህና ናት» አለች ውብርስት። ስታስብ የነበረው ግን ስለ ምራታቸው አልነበረም። አጥሚቱን ተቀብላ ገባችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ረሳችው።

ደብሪቱ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ውብርስት ለሌላ ጊዜ የሕፃኗን የጨርቅ ቅዳጅ ልታጠብቅ ጎንበስ ስትል፣ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ላይ ቀለም የለም።

«ሲስተር... ይበርደኛል» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አይዞሽ፤ የወለደ ሰው ይበርደዋል» አለችና ውብርስት ከአጠገቧ የነበረውን ጋቢ አንስታ በጋቢዋ ላይ ደረበችላት።

የወለደችን ሴት ጋቢ መግለጥ እንዳለባት ውብርስት ታውቃለች። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት እየተመላለሱ ሆድ መዳበስ፣ ማህፀኑ መጨማደዱን ማረጋገጥ፣ ደም ማየት፣ ይህ የእንጀራዋ ሀሁ ነው። ለተማሪዎች ያስተማረችው እሷ ናት። ያን ቀን ግን የሕፃኗን መጠቅለያ ደጋግማ ስትፈታ የእናትየዋን ጋቢ አንድ ጊዜም አልገለጠችም። ጭራሽ ደረበችበት። ደርባም ወደ በረንዳው ሄደች፤ እማማ የሻረግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ከልብዎ ነው ወይ ልትላቸው።

«አሁንስ በግድ ልታስቀይሚኝ ነው!» አሉ እማማ የሻረግ እየሳቁ። «ሂጂ ወደ ሥራሽ፣ አንቺ ልጅ!»

አመለወርቅ መቀስ ፈልጋ ከድንገተኛ ክፍል የገባችው በዚህ መሀል ነው። መቀሱን አንስታ ልትወጣ ስትል በደብሪቱ አልጋ አጠገብ አለፈች። ቆመች።

«ውብርስት!»

ውብርስት ከበረንዳው እየሮጠች ገባች።

«ይቺን ሴት መቼ ነው ያየሻት?»

«አሁን አየኋት እኮ! ልጇን አሁን ነው...»

«ልጇን አላልኩሽም።»

አመለወርቅ ሁለቱን ጋቢዎች ባንድ ላይ ገለጠቻቸው። ፍራሹ ርሷል። ከአልጋው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ደሙ ቀስ እያለ መንገድ ይዟል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ውብርስት በኋላ ስታስታውሰው የሰው ታሪክ ይመስላታል። አመለወርቅ አምቡላንስ እንዲጠራ ተጣራች፤ መርፌውን ወጋች፤ ግሉኮሱን ከፈተች። ውብርስት በእጇ የደብሪቱን ሆድ ያዘች። ከእጇ ሥር ማህፀኑ እንደ ረጠበ ጨርቅ ለስልሷል። አሸችው። ወዙ ከግንባሯ እየተንጠባጠበ አሸችው። የሌላዋ እናት ጩኸቷን ረስታ ልጇን እቅፍ አድርጋ ታይ ጀመር። በረንዳው ላይ ሳቁ ቆመ። እማማ የሻረግ በሩን ይዘው «ምንድን ነው? ኧረ ምንድን ነው? ልጄ ምን ሆነችብኝ?» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም።

«የደም ግፊቷ እየወረደ ነው» አለች አመለወርቅ።

«አትልቀቂ፣ ደብሪቱ። ዓይንሽን አትጨፍኝ። የልጅሽን ስም ንገሪኝ፤ ማን ልትያት ነው?» አለች ውብርስት።

ደብሪቱ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

ውብርስት አሸች። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ስህተት አልታወሳትም። እልልታ አልታወሳትም፤ ሰው ምን ይለኛል አልታወሳትም። ከእጇ ሥር ካለችው ሴት በቀር በዓለም ላይ ምንም አልነበረም። ቀስ በቀስ ማህፀኑ ከእጇ ሥር ጠጠር አለ። እንደገና ልስልስ አለ። እንደገና ጠጠረ፤ ጠጥሮም ቀረ። ደሙ ቆመ። አምቡላንሱ መጥቶ በር ላይ ሲቆም የደብሪቱ ግፊት መመለስ ጀምሮ ነበር። ሾፌሩ፣ ምናልባት ቢያስፈልግ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። አላስፈለገም።

ሲረጋጋ እማማ የሻረግ ገቡ። የደብሪቱን እግር ያዙ። ያ ሁሉ ቀልድ ከፊታቸው ላይ ተጠርጎ ነበር። ውብርስት አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ሽሽት አልፈለገችም፤ እውነቱን ተናገረች።

«እማማ፣ ልጅዎ ደም ፈሷት ነበር። ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ደብሪቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይበርደኛል ስትይኝ መስማት ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ ደብሪቱ ጎንበስ አለች። «ግን ለምን ደም ይፈሰኛል አላልሽኝም?»

ደብሪቱ ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

«ልነግርሽ ነበር» አለች። «ፊትሽን ሳየው ግን ከእኔ የባሰ የታመምሽ መሰለኝ። እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው።»

እማማ የሻረግም ከቁጣና ከምስጋና የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ያልለየላቸው ይመስል፣ አንዴ ምራታቸውን አንዴ አዋላጇን እያዩ ቆዩ። በመጨረሻ «ተቀመጪ» ሊሏት እጃቸውን ሲዘረጉ እሷ ወጥታለች።

ከግቢው ጀርባ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ሄዳ ጋውኗን አወለቀች። አጣጠፈችው። ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው። ተቀመጠች፤ ተነሣች። አመለወርቅ ደብሪቱን ለአማቷ አደራ ብላ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምነው ጋውንሽን?»

«ወስደሽ ለሌላ ስጪው። ከእንግዲህ እጄን አላምነውም።»

«እጅሽ ምን አደረገ?» አለች አመለወርቅ። «ያቺን ሴት የመለሳት እኮ እጅሽ ነው። በረንዳ ላይ የቀረው ሐሳብሽ ነው።»

«እንዲህ አድርገሽ አታቅልይው። ልትሞት ነበር።»

«አላቃለልኩም። ይኸኛው ትልቅ ነው። ሰኞ በስብሰባ ይነሣል፤ አንቺም አፍ አውጥተሽ ትናገሪዋለሽ። እኔም ብቻሽን ጥዬሽ መሄዴን እናገራለሁ። ሁለት ወላድ ለአንድ ሰው አይተዉም። በሩ ከመከፈቱ በፊት የእናትየዋ ስምና የልጁ እጅ ላይ ያለው ቅዳጅ ይታያል እንላለን፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ ይሆናል። በቃ፤ የሚታረመው እንዲህ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኸን ትልቁን ማን ወለደው?»

ውብርስት ጋውኑን ደግማ አጣጠፈችው።

«ያ ትንሹ ነው» አለች አመለወርቅ። «የእልልታው፤ እማማ የሻረግ ሁሉን ነግረውኛል። እሱ በራሱ ምን አደረገ? ሰው አሳቀ። ሁለት ቤተሰብ አዛመደ። እዚያ በረንዳ ላይ የወንዱ አክስትና የሴቷ አያት ከአክስትየዋ ፔርሙዝ አብረው ሲጠጡ ነበር። እዚያው ቢተዉት እዚያው ይሞት ነበር። አንቺ ግን አነሣሽው፣ አቀፍሽው፣ አጠባሽው። ስህተት ደግሞ ካጠቡት ያድጋል። ያደገው በማን ጡት መሰለሽ? ለደብሪቱ በሚገባው ጊዜ ነው ያደገው።»

«ታዲያ ልርሳው? የሚረሳ ሰው እኮ ይደግመዋል!»

«እርሺው ማን አለሽ? ስትሳሳቺ ደንገጥ የማትይ ብትሆኚማ ራሴ ነበር የማባርርሽ። ይቅርታ አልሽ፤ ጥሩ። የልጆቹ እጅ ላይ ቅዳጅ አሰርሽ፤ በጣም ጥሩ። እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የተመላለስሽው ለማን ነው? ለእማማ የሻረግ ነው? እሳቸውማ ሂጂ እያሉሽ ነበር። ለሕፃኗ ነው? እሷማ በርዷት ስታለቅስ ነበር።»

ውብርስት መልሱን ታውቀዋለች።

«ለራሴ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔ መጥፎ እንዳልባል።»

አመለወርቅ አላጽናናቻትም፤ አልነቀፈቻትም። ታንከሩን ተደግፋ አብራት ቆመች። በዚህ መሀል ከደጅ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ አንድ ሰው «ሲስተር! ሲስተር! ውሃዋ ፈሷል፣ ድረሱልን!» እያለ ተጣራ።

ሁለቱም ወደ ድምፁ ዞሩ።

«እኔ ወደ ደብሪቱ መመለስ አለብኝ» አለች አመለወርቅ። «ሌላ ሰው የለም።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ። እንደተንቀጠቀጠ ይዘሽው ግቢ።»

«አሁን ደግሞ ይኸኛው ቢከተለኝስ? የደብሪቱ ፊት ቢከተለኝስ?»

«ይከተልሻል። እኔንም የሚከተሉኝ አሉ። ከበሩ ውጭ ቁም በይው። አሁን ሌላ ሰው አለችብኝ በይው። የሚጠብቅ ከሆነ ሰኞ ታገኚዋለሽ።»

ውብርስት ጋውኗን ለበሰች። አንዱን ቁልፍ አለቦታው ቆለፈችው፤ ልታስተካክል እጇን ሰደደች፤ ከዚያ ተወችውና ሮጠች። ልቧ አላረፈም። እስከ በሩ ድረስ ያ ርሶ ያየችው ፍራሽ ከፊቷ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ «ደግሜ ብስትስ» የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ እጇን እግድግዳው ላይ አሳርፋ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ድምፁ ዝም አላለም። እሷ ግን ገባች።

አዲሷ ሴት አልጋው ላይ ተቀምጣ በፍርሃት ታለቅሳለች። ውብርስት ከፊቷ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን በደንብ አየችው።

«እኔ ውብርስት እባላለሁ። አንቺስ እንዴት ነሽ? የሚሰማሽን ሁሉ ንገሪኝ፤ አንዲትም እንዳትደብቂኝ።»

ሴትዮዋም ነገረቻት። ውብርስትም ሰማቻት።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ምክር ይህ ነው። የሰው ሕይወት በእጁ የተያዘ ሰው፣ አዋላጅ ይሁን፣ መርፌ ወጊ ይሁን፣ ወይም እቤቷ ልጅ የምታሳድግ እናት ትሁን፣ መሳሳቱ አይቀርም። ሲሳሳት መደንገጡ ደግ ነው፤ ይቅርታ ማለቱ ደግ ነው፤ እንዳይደገም መላ ማበጀቱ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምልልስ ግን ጥንቃቄ ይምሰል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ጥንቃቄ ዓይኑ ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ነው። ጸጸት ግን ሲበዛ ዓይኑን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ሰውን እየረሳ ራሱን ይጠብቃል። ስህተት ይታረማል እንጂ አያሳድጉትም።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተመልሳችሁ ወደ አንዲት አሮጌ ስህተት ሄዳችኋል? እዚያ በሄዳችሁበት ጊዜስ፣ ከአጠገባችሁ ሆኖ በቀጭን ድምፅ ሲጠራችሁ የነበረው ማን ነው?